የመሪያም የቆረቆንዳ ዳቦ

መሪያም ባሏ ከሞተ፣ ልጇ ሲሃም ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ፣ ቀወት ወረዳ ያለው ቤቷ ውስጥ ከሷ ሌላ የሚያስነጥስ የለም። እኔ አጥር ለአጥር ነኝ፤ ምን የማልሰማው አለ!

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት አንድ ባለመነጽር ተመራማሪ መጣ። ሴቶቹን ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፦ «እናቶቼ! ቆረቆንዳ አይጣልም። ሆዳችን ውስጥ ደጋግ ጀርሞች አሉ፤ ቀለባቸው ይሄ ነው!» በቆሎው ተፈልፍሎ የቀረውን አጥንቱን እኮ ነው! ይፈጫል፣ ክዳኑ በብሎን በሚጠብቅ ድስት ይቀቀላል፣ ውሃው ተጣርቶ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል፤ ዳቦ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው በሳቅ ፈረሱ። የኛ ሰው ሜዳ ወጥቶ በምን እንደሚጠራረግ ማን ይንገረው?

ሰውየው ሲሄድ ሴቶቹም ተበተኑ። መሪያም ብቻ ሰውየው የተወውን ድስት ይዛ ቀረች። «ቤቴ የማበላው ቢጠፋ ሆዴ ውስጥ አለኝ» እያለች ትስቃለች። ሳቋ ግን አጭር ነው።

ረመዳን ገባ። ያንን የቆረቆንዳ ዳቦ እየጋገረች በየማታው ለጎረቤታችን ለዓይሻ ይዛ ትሄዳለች። «በሉልኝ በናትሽ፤ ብቻዬን አይወርድልኝም።»

ዓይሻ እንደ ማር ቀልጣ፦ «አላህ ይቀበልዎት እትዬ መሪያም! ልጆቹማ ይሻሙበታል!»

ምስኪኗ መሪያም ደስ ብሏት ዳቦውን ተለቅ አድርጋ ትጋግር ጀመር።

አንድ ቀን ቀደም ብላ በጓሮ በኩል ስትገባ፣ የዓይሻ ፍየሎች የትናንቱን ዳቦ ከበው ያላምጣሉ። ዓይሻ ከኋላ ደርሳ ክው አለች።

«እትዬ... ተርፎን እኮ ነው...»

«ልጆችሽ ቀንድ አብቅለዋል በይኛ! ይብሉ፣ ይብሉ።»

በማግስቱ ዓይሻ ሳምቡሳ ከምራ መጣች። መሪያም «ጀዛኪላህ» ብላ ተቀበለች፤ ሳህኑን እዚያው አጥባ ባዶውን ሰጠቻት። በኛ ሰፈር የረመዳን ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢቀር ቴምር ጣል ይደረግበታል። ዓይሻ ሳህኑን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ተገተረች።

«እትዬ፣ ዛሬ አብረን እናፍጥር?»

«ሂጂ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል» ብላ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

አዛን አለ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ ያንን ዳቦ ቆረሰች፤ ግማሹን ከፊት ለፊቷ፣ ሰው የተቀመጠ ይመስል አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይታ እሱንም ሳብ አድርጋ በላችው።