ወረንጦ ያልነካው ዐይን

ታናሽ እህቴ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተማሪ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትተክል ግራ ዐይኗን ትጨፍን ነበር። ክሩን በምራቋ ታሾልና በቀኙ ብቻ እያነጣጠረች የመርፌውን ቀዳዳ ትፈልጋለች። ሰፈሩ «መርፌዋ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ለስፌቷ ይሁን ለምላሷ እስከ ዛሬ አልለየም።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች በእግር በምትዘወር የስፌት መኪና ነው። ያ ግራ ዐይኗ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲቀላና ሲያለቅስ ኖሮ የላይኛው ቆብ ወደ ውስጥ ተቀለበሰ። «አሸዋ የገባበት ይመስለኛል» ትላለች። አሸዋ አልነበረም፤ ብሌኗን የሚወጋት የራሷ ሽፋሽፍት ነው።

ወረንጦው የእኔ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ብርሃን ያለበት በር ላይ አስቀምጣትና፣ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ አንድ በአንድ እነቅልላታለሁ። አምስት ቀን እፎይ ትላለች። ከዚያ ፀጉሩ እንደ ተላጨ ጢም ደንድኖ ይመለሳል።

ሐኪም ቤት ሁለት ጊዜ ሄደናል። ሁለቱንም ጊዜ በዋዜማው ጥንቅቅ አድርጌ ነቀልኩላት። ሰው ፊት የሚቀርብ ፊቱን ይታጠብ የለ? የመጀመሪያው ሐኪም በመብራት አየና «ዐይንዎን የሚነካ ፀጉር የለም» ብሎ ጠብታ ሰጣት። ሁለተኛዋም እንደዚያው። መርፌዋ በመንገድ ላይ፣ «የእኔ ዐይን እቤት ይታመማል፣ ሐኪም ቤት ይድናል» አለችኝ። ሳቅን።

በዚያው ዓመት በብሌኗ ጠርዝ ላይ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ታየ። ክር ማስገባቱን ለእኔ ተወችው። ዐይኗ ከጠፋ መኪናዋ የቤት ማጣበቢያ ሆና እንደምትቀር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ነርስ አገኘን፤ ጣቱ ወፍራም፣ ድምፁ ቀጭን ሰው ነው። ቆቧን በአውራ ጣቱ ገልብጦ ውስጡን አየ። ነጭ የጠባሳ መስመር አለው። ጠርዙን ሲያስተውል ደግሞ የፀጉር ጉቶ አገኘ።

«ማን ነው የሚነቅልልዎት?»

«እህቴ ናት።»

«እኔ ነኛ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ፤ ሁለቱ ሐኪሞች ጋ በሄድንባቸው ቀናት ዋዜማም ጥንቅቅ አድርጌ እንደ ነቀልኩላት ነገርኩት።

«እጅዎ ጎበዝ ነው፣ እናቴ። በሽታውን ሁለት ጊዜ ደብቀውታል።»

ኩምሽሽ አልኩ።

ቆቡን የቀለበሰው ጠባሳው መሆኑን አስረዳን። በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ግን የትኛው ፀጉር በየት እንደሚገባ ሳላይ ምላጭ አላነሳም አለ። ለሁለት ሳምንት ወረንጦ እንዳይነካት።

በአራተኛው ቀን ልመናዋን ጀመረች።

«እትዬ፣ ሁለቱን ብቻ።»

«አይሆንም።»

«እሺ አንዷን። ያቺን የጥጓን።»

«አንዷንም።»

«እናታችን ድንጋይ ወልዳ ነው እህት ናት ብላ የሰጠችኝ።»

ወረንጦውን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። እርጥብ ጨርቅ ዐይኗ ላይ እያደረግኩ አብሬያት ተቀመጥኩ። ሕፃን ሆና ሳዝላት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችብኝም።

በቀጠሮው ቀን ነርሱ ብሌኗን የሚነኩ ስድስት ፀጉሮች ቆጠረ። ቆቧን በመርፌ አደነዘዘ፣ ከውስጥ በኩል ቀደደ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ መልሶ ሰፋው። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በር ላይ ሆኜ ድምፃቸውን እሰማለሁ።

«ስንት ቦታ ነው የምትሰፋው?»

«ሦስት።»

«አታጥብቀው፣ ይሸበሸባል። ጨርቅም እንደዚያ ነው።»

«እናቴ፣ ዝም ቢሉልኝ።»

«መርፌ የያዘ ሰው እያየሁ ዝም ማለት አልችልም።»

ክሩ ከአሥር ቀን በኋላ ወጣ። ነጩ ደመና አልሄደም፤ ነርሱም እንደማይሄድ አልደበቀንም። ግን አላደገም። መርፌዋ ቀዳዳው ሰፋ ያለ መርፌ ገዝታ፣ ሁለቱንም ዐይኗን ገልጣ፣ ክሩን ራሷ ታስገባለች። እኔ ሳስገባላት ጊዜ ስለምፈጅ እንደ ሆነ ለሰፈሩ አውርታለች።

ፊደል የቆጠርኩት ስልሳ ካለፈኝ ወዲህ ነው፤ ረጅም መጻፍ አይሆንልኝም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ዐይኗ የሚያለቅስባት፣ ወረንጦም ከጎኗ የማይጠፋ ሴት ካለች፣ ወደ ሐኪም ስትወስዷት አታሰማምሯት። እንዳመማት ውሰዷት።