ከእርከኑ መሃል ያለው ምሽግ

ትእዛዙ የደረሰን ውርጌሳ ላይ ነበር፣ ከቀትር በኋላ። «ከመርሳ በላይ ያለውን ጉብታ ያዙ፤ ሕዝቡ እስኪወጣ መንገዱን ጠብቁ» ተባልን። ዘጠኝ ሚሊሻ ነበርን፣ ሁላችንም የሐብሩና የጉባ ላፍቶ ገበሬዎች። ጀግና የምትሉት ዓይነት ሰው ከመሃላችን አልነበረም። ተነሱ ተባልን፣ ተነሳን።

ጉብታው ላይ ስንደርስ ጀንበር ጠልቃ ነበር። አካፋ እየተቀባበልን ምሽግ ቆፈርን። በስተቀኜ ሁሴንና ሙሉጌታ ነበሩ። ሁሴን የመርሳ ልጅ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። ሙሉጌታ ከጉባ ላፍቶ የመጣ ዝምተኛ ነበር። ሁሴን ላቡን እየጠረገ «የአባቴን ማሳ እንዲህ ቆፍሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሀብታም ነበርኩ» አለ። ሙሉጌታ እንኳ ሳቀ።

ማለዳ ሞርታር ጀመረ። መትረየስ ተከተለ። እኛም ተኮስን። ረፋዱ ላይ አንዱ ሞርታር በስተቀኜ ወደቀ። አቧራው ሲገለጥ ሁለቱም አልቀዋል። ከሰዓት በኋላ «ሕዝቡ ወጥቷል፣ ልቀቁ» የሚል ትእዛዝ መጣ። እዚያው ምሽጉ ውስጥ አፈር አለበስናቸውና ወረድን። ልጆቼ «ከዚያስ?» ይሉኛል። ከዚያማ ወረድን።

ተኩስ ሲቆም የእርዳታ ድርጅት መጣ። ሰው እርከን እየሠራ ስንዴና ዘይት ይወስድ ጀመር። ጉብታውም እርከን ተሠራበት፤ የእኛ ምሽግ ከረድፉ ጋር ገጥሞ አብሮ እርከን ተባለ። ችግኝም ተተከለበት። ሕዝቡ እዚያ ማን እንዳለ አያውቅም ማለት አይደለም። ያውቃል፤ ግን ርቦታል።

የሁሴን እናት እማ ዘይነባ ልጃቸውን አውጥተው መርሳ፣ ከአባቱ ጎን ሊቀብሩት ፈለጉ። በየሳምንቱ ቀበሌ እየሄዱ «ልጄን ስጡኝ» ይላሉ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። «እማ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» ይላቸዋል። «የድርጅቱ ገምጋሚዎች ሳያዩት እርከኑ ከፈረሰ የሁለተኛው ዙር ስንዴ ይቀራል። ሰው ምን ይብላ?» እሳቸውም ይመለሳሉ።

ገምጋሚዎቹ ከወልድያ በመኪና መጡ፣ አንድ ወንድና አንዲት ልጅ። ጉብታውን ስለማውቅ እኔ መራኋቸው። እማ ዘይነባ ከኋላ ተከተሉን። ልጅቷ እርከን በእርከን እየወረደች መጥታ ምሽጋችን ውስጥ ቆመች።

«ይሄኛው ከሌሎቹ ይጠልቃል። ማን ቆፈረው?» አለች።

«ማኅበረሰቡ» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኛ ነን» አልኩ።

«ስንዴው በሰዓቱ ደርሷችኋል?» አለች፣ መጠይቋ ላይ እየጻፈች።

«ስንዴ አልተሰጠንም። ጥይት ነበር የተሰጠን።»

«እንድሪስ ቀልድ ይወዳል» አለ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ እያመለከተ። የሳቀ ሰው የለም። እማ ዘይነባ ችግኞቹ አጠገብ ቁጭ አሉና «ልጄ ከእግርሽ ሥር ነው፣ የኔ ልጅ» አሏት። ልጅቷ ደንግጣ ዘላ ወጣች። «አብሽሪ፣ አይጎዳሽም» አሏት።

ልጅቷ ወደ መጠይቋ ተመልሳ «ለቀበሌው ያቀረቡት አቤቱታ ካለ መልስ አግኝቷል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«አላገኘም፣ ወላሂ።»

ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። በኋላ «ይቆፈር» አለ። «ስንዴው ከቀረም ይቅር፤ ምን ይደረግ።»

በማግስቱ ቆፈርን። ሊቀመንበሩ ራሱ አካፋ ይዞ መጣ። የሙሉጌታ አባት አያ ታደሰም ከጉባ ላፍቶ ተጠርተው መጡ። አፈሩ ሲነሳ አጥንቱ አንድ ላይ ተደባልቋል፤ ልብሱም ያው የሁላችን ዓይነት ነው። እማ ዘይነባ ጎንበስ ብለው አዩና «የቱ ነው የኔ?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጎናቸው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔም አላወቅሁም።

ሁለቱ አዛውንቶች ጉድጓዱ አፍ ላይ ብዙ ተቀመጡ። በመጨረሻ አያ ታደሰ «እመት ዘይነባ፣ ያንቱን ልጅ የኔ ብዬ ወስጄ ብቀብርስ?» አሉ።

«እኔስ ያንቱን ብወስድ?» አሉ እሳቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «መልሱት» አሉን።

አፈሩን መለስን። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱም ፍትሐት ፈቱ። እማ ዘይነባ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም። ስንዴው ዘግይቶም ቢሆን መጣ። ገምጋሚዎቹ ምን ብለው እንደጻፉ አላውቅም።

ከዘጠኛችን አምስት ቀርተናል። አንዱ ያን ቀን ስንወርድ ተመታ፣ አንዱ በኋላ ሐራ አካባቢ ወደቀ። ሁለቱ ጉብታው ላይ ናቸው። ሰው «የሁሴን መቃብር የት ነው?» ሲለኝ «ከሙሉጌታ ጋር» እላለሁ። «የሙሉጌታስ?» ሲለኝ «ከሁሴን ጋር» እላለሁ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።