ምስክር ያጣ መንጠቆ

መዝገብ ቤቱ የቀጠረኝ እንዳነብ አይደለም። ይህን የመጀመሪያው ቀን አስረግጠው ነግረውኛል። ሥራዬ ወረቀቱን ከሳጥን አውጥቶ፣ እጥፋቱን ቀስ አድርጎ ዘርግቶ፣ ስካን አድርጎ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ማንበብ ሰዓት ይበላል። ዴንቨር ከተማ፣ ካፒቶል ሂል የሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሞቱ ሰዎችን ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ግድ የለም፣ እዚህ ሁሉም ሰው ድሮ ሌላ ነገር ነበር።

ባለፈው ዓመት በረዶ መጣል በጀመረ ሰሞን የደረሰኝ ሳጥን የአንድ የፈጠራ ሰው ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን፣ እዚሁ ከኛ ወደ ላይ ባሉት ተራሮች፣ የማዕድን ድንጋይ የሚለይ ወንፊት የሠራ ሰው ነው። ሳጥኑ የፓተንት ማመልከቻዎቹን ይዟል። ፓተንት ማለት መንግሥት «ይህን ያሰበው እሱ ነው፣ ሌላው እጁን ይሰብስብ» ብሎ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ሰውየው ያንን ወረቀት ሲያሳድድ ዕድሜው አልቋል። ያመለክታል፣ ይመልሱበታል። ያርማል፣ እንደገና ይመልሱበታል። መርማሪው በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «አዲስ ነገር የለውም» ይለዋል። ቁም ነገሩ እንቢታ ከሆነ የእጅ ጽሑፉ ማማሩ ምን ያደርጋል?

ሥዕሎቹ ናቸው ሥራዬን ያስፈቱኝ። በየሥዕሉ ግርጌ ከሰውየው ስም ሌላ ሁለት ስሞች አሉ፤ ምስክሮች ናቸው። ለአንድ ወንፊት ሁለት ምስክር! መጀመሪያ ሳቅሁ። እኛ ምስክር የምንጠራው ለጋብቻና ለጠብ ነው። እየቆየ ግን አዲስ ሥዕል ባወጣሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ግርጌው እየሄደ ያናድደኝ ጀመር፤ ያን ሰሞን እኛ ቤት የጠፋው ምስክር ነበርና።

ባለቤቴ ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ይገፋል። አገር ቤት የቶርኖ ባለሙያ ነበር፤ ብረት ካየ እጁ አያርፍም። የዊልቸር ገፊ ጠላቱ ሻንጣ ነው። አሮጊቷን በአንድ እጁ እየገፋ ጎማ ያለውን ሻንጣዋን በሌላው ይጎትታል፤ ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ይሄድበታል፤ ቤት ሲገባ ትከሻው ተቆልፎ ነው። አንድ የዕረፍት ቀን የልጃችንን አሮጌ ጋሪ ፈታታና አውሮራ ባለው አፓርታማችን በረንዳ ላይ ሥራ ጀመረ። በየሳምንቱ ይሠራል፣ ያፈርሳል፣ መልሶ ይሠራል። በመጨረሻ የወጣለት መንጠቆ ነው። ከወንበሩ ጀርባ ይታሰርና የሻንጣውን እጀታ ይይዛል፤ ሻንጣው በራሱ ጎማ እየተንከባለለ ከወንበሩ ጎን ይከተላል። የገፊው ሁለት እጆች ነፃ ናቸው። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ቀላል ያደረገው እሱ ነው።

እኔ ደግሞ መንጠቆውን ለሙከራ ከታሰረበት የጋሪ አጽም ጋር የአልጋ ልብስ አለበስሁት።

እኛ ነገር ሳያልቅ አናወራም። እርግዝና ሆድ ገፍቶ እስኪያሳጣ ይደበቃል። ዲቪ የደረሰው ሰው ለጎረቤቱ ደውሎ የሚሰናበተው ሻንጣውን ካስመዘነ በኋላ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ቤት ገዝታ፣ የጭነት መኪናው በሯ ላይ ቆሞ፣ ሶፋው በሰው ትከሻ ላይ እያለ «ምንጣፍ ልናሳጥብ ነው» ብላኛለች። አልተቀየምኳትም፤ እኔም የምለው እሱኑ ነበር። ሰው ዓይን አለው፣ ሰው አፍ አለው፤ ሆድ ይፍጀው። ባለቤቴ መንጠቆውን በስልኩ ፎቶ አንስቶት ነበር፤ አስጠፋሁት። ስልኩ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፎቶዎቹ እንግዳ ፊት ብቅ ይላሉ። «ሲያልቅ ታነሳዋለህ» አልሁት። ንድፉን የሳለው ልጃችን ከትምህርት ቤት ባመጣቻቸው ወረቀቶች ጀርባ ነው፤ ቀን የለው፣ ፊርማ የለው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አበልጃችን፣ የልጃችን የክርስትና አባት፣ እኛ ቤት ምሳ በላ። እንግልውድ ይኖራል፣ እዚያው ሆስፒታል ይሠራል። ረጋ ያለ፣ ለቃሉ የሚጠነቀቅ ሰው ነው፤ በዚህ አገር ወንድም ያልነው እሱን ብቻ ነው። በበረንዳው መስተዋት በኩል አይቶ «ምንድን ነው እሱ ያለበሳችሁት?» አለ። ባለቤቴ ሊነግረው ከወንበሩ ብድግ አለ። ፊቱ እንዴት እንደበራ አሁን ድረስ ይታየኛል። ቀደምሁት። «የልጅቷ ብስክሌት ነው፣ ተሰብሮባት» አልሁና ወጥ ጨመርሁለት። ባለቤቴ ተመልሶ ተቀመጠ። ልጅቷ «የኔ ባይክ ኢዝ ፋይን» ልትል ስትጀምር በዓይኔ ዝም አሰኘኋት። ያን ዕለት ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ሙቀቱ ሲገባ ባለቤቴ ሳይነግረኝ መንጠቆውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በባቡር ተሸክሞ ወስዶ ለአለቃው አሳየው። አለቃው ዊልቸር ገፊዎቹን ለቀጠረው ኩባንያ የሚሠራ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አለቃው «የሴፍቲ ሰዎች ይዩት» ብሎ መንጠቆውን አስቀረው። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ጮህሁበት። «ማን አሳይ አለህ?» አልሁት። ከዚያ በኋላ ለወራት ስል የከረምሁት ይህንኑ ነው፤ እያበሰልሁ፣ እየነዳሁ፣ የልጅቷን ፀጉር እየሠራሁ። ማን አሳይ አለህ?

ቅጠል ሲረግፍ ወንበሮቹ ሁሉ መንጠቆ ተገጥሞላቸው መጡ። ሠራተኞቹ ምሳ በሚበሉበት ክፍል ግድግዳ ላይ የአለቃው ፎቶ ተለጠፈ። መንጠቆውን የፈጠረው እሱ መሆኑና ኩባንያው በእሱ ስም ፓተንት ማመልከቱ ከፎቶው ሥር ተጽፏል። ባለቤቴ ሌላ ነገር አልፈለገም፤ ፓተንቱ ላይ የእሱ ስም እንዲጻፍ ብቻ ነው የፈለገው። አቤቱታ ጻፈ። ጠርተው በትሕትና አነጋገሩት፤ በዚህ አገር ሰው ሲጥሉህም በትሕትና ነው። አለቃው ከራሴ ያፈለቅሁት ነው ብሏል አሉት። ንድፎቹን አዩለት፤ ይህን ማንም ሰው ትናንት ስሎት ሊሆን ይችላል አሉት። ለአለቃው ካሳየበት ቀን በፊት መንጠቆውን ያየ፣ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ያየውን ጽፎ ይፈርም፤ እስከ ሰኞ ሳምንት ካልመጣ ፋይሉ ይዘጋል አሉት። ቅጹን ይዞ መጣና ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈው።

በዚያው ሳምንት ሳጥኑ ውስጥ የሴትዮዋን ቃል አገኘሁ። ሌላ ሰው ተነሥቶ ወንፊቱን ያሰብሁት እኔ ነኝ ብሎ ከፈጠራ ሰውየው ጋር ተከራክሯል። የፓተንት መሥሪያ ቤቱም ማን እንደቀደመ ለማወቅ የምስክሮች ቃል ሰብስቧል። ዋናዋ ምስክር ሰውየው ክፍል የተከራየባት፣ ልብሱንም የምታጥብለት ሴት ናት። መጻፍ ስለማትችል የፈረመችው የመስቀል ምልክት አድርጋ ነው። ወንፊቱ ሊጥ የምታቦካበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በረዶው እስኪቀልጥ እንዳስመረራት ትናገራለች። ልብስ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ ወደ ውስጥ እየጠራች፣ እንዴት እንደሚወዛወዝ እያሳየች ስታስቅ ከርማለች። ጠበቃው ይሠራል ብለሽ ታምኚ ነበር ወይ ብሎ ጠይቋታል። ባላምንማ ጠረጴዛዬን መች እለቅለት ነበር ብላዋለች። ሰውየው አሸነፈ። ያ ሁሉ ጠበቃ፣ ያ ሁሉ ማኅተም እያለ ያሸነፈችለት አንዲት ወሬኛ አጣቢ ናት። ያን ቀን የሥራዬን ግማሽ እንኳ ሳልሠራ ዋልሁና ተቆጡኝ።

ወሬኛዋ ተስፋ ሰጠችኝ። ቤታችን ገብቶ በረንዳውን ያየ አንድ ሰው አለን! ቅዳሜ ጠዋት ቅጹን ከማቀዝቀዣው ላይ አንሥቼ፣ ለባለቤቴም ሳልነግር፣ ወደ እንግልውድ ነዳሁ። አበልጃችን ከሥራ ገብቶ ልብሱን እንኳ አልቀየረም ነበር። ሻይ ሊያፈላልኝ ሲል ከልክዬው፣ ቆሜ፣ ሁሉንም ነገርሁት። ቅጹን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እህቴ፣ እኔ ያየሁት የአልጋ ልብስ ነው» አለኝ። «የሰማሁት ደግሞ ብስክሌት።»

«ከሥሩ የነበረው መንጠቆው ነዋ!»

«እሱን ዛሬ ነው የነገርሽኝ። ይኼ ደግሞ ያየኸውን ጻፍ ነው የሚለው። በሐሰት ፈርሜ ነገ ልጅቷን ይዤ እንዴት ብዬ ነው ለቁርባን የምቆመው?»

«አበልጅ ታዲያ ለመቼ ነው?» አልሁት። ይህን ማለት አልነበረብኝም።

ቅጹን አጥፎ በእጄ አስያዘኝ። «ለዚያ እሑድ ነበር» አለ። «ገልጣችሁ ብታሳዩኝ ኖሮ ሳትለምኑኝ በሁለት እጄ እፈርም ነበር። ከኔ ነው የደበቃችሁት? የኔን ዓይን ነው የፈራችሁት?»

ዕንባው መጣ፤ እንዳላይበት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እኔ ቆጡንም ብብቱንም በአንድ ምሳ ነው የጣልሁት። ደኅና ዋል ብዬው ስወጣ እስከ በሩ አልሸኘኝም። ሁልጊዜ እስከ መኪናዬ ይሸኘኝ ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ወጥ ቤት ተቀምጦ የልጅቷን ጫማ ሶል ያጣብቅ ነበር። ቅጹን ባዶውን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። የት እንደሄድሁ ነገርሁት፣ ምን እንደተባልሁ ነገርሁት። ሶሉን ማጣበቁን ቀጠለ። ወሬ አበዛሁ፤ ስለ አጣቢዋ ነገርሁት፣ ስለ ሊጡ ጠረጴዛ፣ ለጠበቃው ስለመለሰችው መልስ። እንዲስቅ ብዬ ነበር።

«አንቺስ?» አለኝ። ጫማውን አስቀመጠ። «ይሠራል ብለሽ ነበር?»

«ነበር እንጂ!» አልሁ። አፌ ቸኮለ፤ እሱም አወቀብኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ከማንም አልደብቀውም ከእንግዲህ። ዓይን ፈርቼ አልነበረም። ዓይኑንም ወጉንም ከፊት ያቆምሁት ለመሸፋፈኛ ነው። አፍሬ ነው የደበቅሁት። ፀጉሩ የሸበተ ሰው በረንዳ ላይ ተንበርክኮ የሕፃን ጋሪ ብረት ሲያጣምም አበልጃችን እንዳያይብኝ ነው። እንደማይሠራ እርግጠኛ ነበርሁ። ያ ሁሉ ወር ሲያልፍ አንድ ቀን እንኳ ከቁም ሳጥን ሻንጣ አውጥቼ እስቲ ልየው አላልሁም።

«ለምን አሳየኸው ትይኛለሽ» አለኝ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «አንድ ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው። ጨርሼው ሦስት ሳምንት እዚያ ቆመ። በአጠገቡ እያለፍሽ ልብስ ታሰጫለሽ፤ አንድ ቀን አልገለጥሽውም። ሰውየው ሌባ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የራሱን ሻንጣ አምጥቶ ሰካበት፣ ወንበሩን እየገፋ ቢሮውን ሁለት ጊዜ ዞረ፣ ከዚያ እጄን ጨብጦ ጉድ ጆብ አለኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።»