የአባቴን መኪና መስታወት የሰበሩት እንግዳ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ አባቴ ባረፈ በወሩ ገደማ ነው። ሞት አጠገቤ ደርሶ ሲመለስ ምንም አለመደንገጤ ነው እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ።

የምንኖረው ጎንደር፣ አራዳ ነው። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። በዕድሜ እኔን የምትበልጥ አንዲት ነጭ ሴቼንቶ የምትባል ትንሽ መኪና ነበረችው፤ በፒያሳ ስታልፍ የማያውቃት አልነበረም። ከቀብሩ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ግድግዳ ተጠግታ ቆመች።

በቀብሩ ዕለት አላለቀስኩም። ሰው "ጠንካራ ነው" አለ። ጥንካሬ አልነበረም። ሁለመናዬ ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ሆኖ ነበር። ሥራ እገባለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ምንም አይሰማኝም።

አባቴ የተቀበረው በትውልድ ቦታው በጠዳ ነው። አርባው ሲቃረብ እናቴ "ጠዳ የምሄደው በእሱ ማኪና ነው፤ በሌላ አልሄድም" አለች። መኪናዋ ግን በፊት መስታወቷ ዙሪያ ውሃ ታስገባለች። መስታወቱን የያዘው የድሮ ማስቲሽ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። አንድ መስታወት ገጣሚ ጠየቅሁ።

"አሮጌውን ሙልጭ አድርገህ ሳታነሣ አዲስ ብትቀባበት አይዝም" አለኝ። "ቤንዚን እያስነካህ አለስልሰው። ብቻ መስታወቱን አደራ፤ ከተሰበረ ሌላ አታገኝለትም።"

ቅዳሜ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሥራውን ጀመርኩ። የውጭውን ስጨርስ ዝናብ መጣ። ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ከውስጥ በኩል ቀጠልኩ። ጨርቅ በቤንዚን እየነከርኩ አስነካዋለሁ፣ በቢላ ጫፍ እፈለፍላለሁ። ጥቁር ፍርፋሪ እግሬ ሥር ይወርዳል።

መስኮቱን መክፈት እንዳለብኝ አላጣሁትም። የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ የቤንዚን ትነት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ራሴን ሲያዞረኝ "ልክፈተው" ብዬ አሰብኩ። እጄ አልተነሣም። ደስም አላለኝ፣ አልፈራሁምም። ራሴን የጎኑ መስታወት ላይ አስደገፍኩ። የማስታውሰው እስከዚህ ነው።

ቀጥሎ የሰማሁት ፍንዳታ የመሰለ ድምፅ ነው። የፊት መስታወቱ እንደ በረዶ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። አንድ እጅ ገብቶ የበሩን መክፈቻ ሳበ፤ ብብቴን ይዞ ጎትቶ ዝናቡ ላይ አወጣኝ። አስመለሰኝ። ቀና ስል ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ የማላውቃቸው ሽማግሌ ቆመዋል።

"ምነው ሰበሩት?" አልኳቸው። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

"ሙተሃል ብየ ነዋ ልጄ!" አሉኝ። "የበሩ መያዣ ተገንጥሏል፤ በዚያ በኩል ግድግዳ ነው። አንተ ደግሞ የጎኑን መስታወት ተደግፈሃል። በየት ልግባ?"

እውነታቸውን ነው። ያ በር ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም።

አያ ይመር ይባላሉ። ከዳባት ወዲያ ያለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የአባቴን ሞት ዘግይተው ሰምተው ለቅሶ ሊደርሱ ነበር የመጡት። ከብዙ ዓመት በፊት ባለቤታቸው ምጥ ጠንቶባት መንገድ ዳር መኪና ሲለምኑ፣ አባቴ በዚችው ሴቼንቶ ሆስፒታል አድርሷቸው ኖሯል። ለእኛ አንድም ቀን አልነገረንም።

"ሸጋ ሰው ነበር" አሉ። "በሕይወቱ ሳልጠይቀው ቀረሁ። በለቅሶው እንኳ ልድረስ ብየ መጣሁ።"

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መኪናዋን አየች፣ እኔን አየች። ሽማግሌው የሆነውን ሲነግሯት እጃቸውን ይዛ ሳመች። ያኔ ነው ክንዳቸው እየደማ መሆኑን ያየሁት። አጥቤ አሰርኩላቸው።

እናቴ ሐሳቧን አልቀየረችም። "መስታወት ባይኖራትስ? የእሱ ናት" አለች። በአርባው ጠዋት ደግነቱ ዝናብ አልነበረም። እናቴ ተከናንባ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ለአርባው ብለው የተመለሱት አያ ይመር ከኋላ። ነፋሱ እየገረፈን በአዘዞ በኩል ቀስ ብለን ወረድን። ሰው ቆሞ ያየናል። እናቴ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። እኔ መሪውን ይዤ ፊት ለፊቴን አያለሁ።

ለመኪናዋ እስካሁን መስታወት አልተገኘላትም። ሸራ አልብሰናት ቆማለች። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ "አልደነገጥክም?" ይለኛል። ደንግጬ ነበር እላለሁ፤ ሌላ መልስ ማስረዳቱ ይከብደኛል።

አያ ይመር መንደራቸው ኔትወርክ ስለሌለ ዳባት ገበያ ሲወጡ ይደውሉልኛል። ወሬ አያበዙም።

"አለህ?" ይሉኛል።

"አለሁ፣ አያ" እላለሁ።

ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይሰማኝ ነው የምመልሰው። በገበያ ቀን ስልኩ የዘገየ እንደሆነ ግን የላቦራቶሪ ጓንቴን አውልቄ፣ ወደ ውጭ ወጥቼ እኔው እደውላለሁ።