እግር እያዩ ፒያኖ መምታት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የባሌት መምህሯ ማዳም ሹሻን ኖታውን ከፒያኖው ላይ አንስተው የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። "አለቃህ ይሄ አይደለም" አሉኝ። ከዚያ በአገጫቸው የተማሪዎቹን እግር አሳዩኝ። "አለቃህ ያ ነው።"

የባሌት ትምህርት ቤቱ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር፤ እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኔ በፊት የነበረው ፒያኒስት ተባሮ ነው የገባሁት። ጥፋቱ የታወቀ ነው፤ ልጆቹ ገና አየር ላይ እያሉ እሱ መሬት ይደርስ ነበር።

የባሌት ክፍል ፒያኒስት ኮንሰርት አይሰጥም። መምህሯ እርምጃውን በእጃቸው ያሳያሉ፤ እሱ ከእጃቸው ፍጥነቱን ይገምታል፣ አራት ምት መግቢያ ይሰጣል፣ ከዚያ ዓይኑን ከእግር አይነቅልም። ጭብጨባ የለውም። ማዳም ሲረኩ ዝም ይላሉ።

እሳቸው በሶቪየት ዘመን በአርመን ዋና ከተማ በየሬቫን በሚገኘው የኦፔራ ቤት ከኋላ ተርታ ተነስተው መድረክ ላይ ለብቻቸው እስከ መጨፈር የበቁ አርመናዊት ናቸው። አንድ ቀን ስለዚያ ዘመን ጠየቅኳቸው።

"ሰው ሁሉ ስለ ጭቆናው ይጠይቀኛል" አሉ። "አንተ እንኳ ስለ ወለሉ ጠይቀኝ። ወለሉ ጥሩ ነበር።"

ከዓመታት በኋላ ለዓመቱ ማብቂያ ትርኢት ማንም ያልቀረጸውን የወጣትነታቸውን ጭፈራ ለማስተማር ተነሡ። ከእሳቸው እግር በቀር የቀረበት ቦታ አልነበረም። የመጀመሪያው ክፍል ከአርመን ገጠር ዜማ የተወሰደ የአንዲት ልጅ እንጉርጉሮ ነው፤ እውነተኛ ሙዚቃ። ከዚያ ድንገት የኅብረት እርሻ ሠራተኞች ይመጡና ለትራክተር ይጨፈራል።

ያንን መጨረሻ ገና ሳየው አወቅኩት። በልጅነቴ ለቀበሌ ኪነት አኮርዲዮን ስጫወት ስንቱን መትቼዋለሁ! ዜማው ሲያለቅስ ቆይቶ ከበላይ ትእዛዝ ይደርሰውና ይስቃል።

አብዛኞቹ ተማሪዎች የአርመን ልጆች ነበሩ፤ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ቫሃን የሚባል አርመናዊ የስፕሪንግፊልድ የጥርስ ሐኪም ነበር። "ያ የሶቪየት ጭራ ይቆረጥ" አለ። "ልጆቻችንን አርመን እንዲሆኑ ነው የላክናቸው፤ የእርሻ ካድሬ እንዲሆኑ አይደለም።"

"ጉልበቴን የጨረስኩት እዚያ ጭራ ላይ ነው" አሉ ማዳም። "ከተቆረጠ ስሜን ከፕሮግራሙ አውጡ። ለሌለ ሙዚቃ ደግሞ አዲስ መዝጊያ እርምጃ አላስተምርም።"

ቫሃን ወደ እኔ ዞረ። ሙዚቃው መጥፎ ነው፣ እኔም ብሆን እቆርጠዋለሁ አልኩ።

ማዳም አዩኝ። "ጆሮህን ማን ጠየቀህ? እኔ የቀጠርኩት ዓይንህን ነው።"

ተቆረጠ።

ያለ ጭራው ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርነው በመጨረሻው ልምምድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ቫሃን ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማዳም ካፖርታቸውን እንደለበሱ የኋላው ረድፍ ላይ። እንጉርጉሮውን ጨረስኩና እጄን አነሳሁ።

ልጆቹ ሁሉ በአንድ እግር ጣት ቆመዋል፤ ሌላው እግራቸው ከኋላቸው አየር ላይ ነው። ያንን እግር የሚያወርደው የትራክተሩ የመጀመሪያ ምት ነበር። አሁን ምት የለም። ትንሽ ተንቀጠቀጡና ገመዱ እንደተበጠሰ ልብስ አንድ በአንድ ወረዱ።

"ይደገም" አለ ቫሃን። ተደገመ። በዚህኛው ጊዜ ከፊት የቆመችው ሐበሻዋ ሕሊና "ማሚ፣ አይ ካንት ሆልድ ኢት! እግሬን መያዝ አቃተኝ!" ብላ ጮኸች።

እናቷ ሎረል ከሚገኘው ሆስፒታል ሥራ ውላ በቀጥታ የመጣች ነርስ ነች። ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው? ልጄን እንደ ሽመላ በአንድ እግሯ አቁመው ዝም ይላሉ እንዴ!"

"አውርዳቸው እንጂ!" አለኝ ቫሃን።

"በምን?" አልኩት።

ከዚያ ከኋላው ረድፍ፣ ድምፅ ከፍ ሳይል፦

"በትራክተር።"

ቫሃን ልጆቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። መታሁት። እግሮቹ ሁሉ እኩል ወረዱ። ዞር ስል ማዳም ካፖርታቸውን አውልቀው በእጃቸው እርምጃውን እየቆጠሩ ነበር።

በትርኢቱ ቀን ስማቸው በፕሮግራሙ ላይ ነበር፤ ቫሃንም ለእንግዶቹ "ምንም ሳንቆርጥ ነው ያቀረብነው" ሲል ሰማሁት። ሙዚቃው ዛሬም መጥፎ ነው፤ በዚህ የፈለገ ይከራከረኝ።

በቦታዬ ለሚቀመጥ ፒያኒስት የምለው አንድ ነገር ነው፦ መጨረሻውን መውደድ የለብህም፤ ሁለተኛው እግር መሬት ሳይነካ ግን እጅህን አታንሳ።