በሰርጌ ቀን በር የከለከለኝ ካራቫን

ባለቤቴን ያገባሁት ሆላንድ አገር፣ ዴን ሃግ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ። እኔ ያን ጊዜ አምስተርዳም አጠገብ ባለችው ዲመን ውስጥ ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። ሥራዬ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው፤ አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አልጋቸውን አነጥፋለሁ። እሱ ደግሞ ዴን ሃግ ከተማ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። የሚኖረው ጡረታ የወጡ የሆላንድ ባልና ሚስት ቤት፣ ጣሪያው ዘቅዝቆ አንገት በሚያስደፋ የሰገነት ክፍል ነው።

ስለ ቤት አከራዩ ሰውዬ ሳልናገር የሰርጌን ነገር ማውራት አልችልም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሮተርዳም ወደብ መርከብ ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ እንደ ወጡ ካራቫን ሠሩ። ገዙ አላልኩም፤ በገዛ እጃቸው ሠሩ። በዚያ ዘመን በጋ ሲመጣ የሆላንድ መንገድ ሁሉ ካራቫን ነበር፤ ከትንሽ መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ የሚጎተት ነጭ ሣጥን። የእሳቸው ግን ከዚያ ይለያል። ከአሜሪካ የመጣ አንድ አሮጌ ፒካፕ አገኙና የዕቃ መጫኛው መሐል ላይ ክብ የብረት መቀመጫ ተከሉበት። ካራቫኑ ከፊቱ እንደ ግመል አንገት ወጣ ያለ ብረት አለው። ያ አንገት በፒካፑ ጀርባ ላይ ይመጣና ከጫፉ የተንጠለጠለው ወፍራም ፒን መቀመጫው ውስጥ ሲገባ፣ መንጋጋ የሚመስል ማቀፊያ ቀርቅሞ ይይዘዋል። የአሰብን መንገድ ትልልቅ ተሳቢዎች ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ተሳቢው ውስጥ መጋረጃ፣ ምድጃና የሁለት ሰው አልጋ መኖሩ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ይተጣጠፋል። መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር አንገቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሻንሲው፣ የሥሩ ብረት፣ ይጮኻል፤ አንገቱ ከቤቱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ቀለሙ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ይሰነጠቃል። እጮኛዬ ይህን አይቶ አንድ ቀን፣

«ይሄ ነገር እየታጠፈ ነው መሰለኝ» አላቸው።

«አይታጠፍም፤ ይተነፍሳል» አሉት። «ብረት ካልተነፈሰ ይሰበራል።»

ከዚያም ብሩሻቸውን አምጥተው ስንጥቁን ቀቡት። ቀቢ ናቸውና ለማንኛውም ነገር መድኃኒቱ ቀለም ነበር።

የሰርጋችን ቀን ሲቃረብ ጭንቅ ያዘን። ምግቡን የምንሠራው ዲመን ነው፤ ጋብቻው ዴን ሃግ። እኔ የምለብስበትና የምሰናዳበት ቦታ የለም። የእጮኛዬ ሰገነት ለሙሽራ ቀርቶ ለድመትም አይበቃም። ሰውዬው ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፉ።

«ካራቫኔ እያለ! ሙሽራዋን፣ ወጡን፣ ሁሉንም ከዲመን አመጣለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ አቆምና ውስጥ ትለብሳለች። እንደ ንግሥት!»

የዚያን ዕለት ጠዋት እውነትም መጡ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ፣ ሚዜዬም እሷው ናት፣ ከመስኮት አይታ «ኧረ የምን ጉድ ነው የቆመው!» አለች። ድስቶቹን ወለሉ ላይ ደረደርን፤ ቀሚሴን አልጋው ላይ ዘረጋነው፤ እኛም ፒካፑ ጋቢና ውስጥ ከሰውዬው ጎን ተጠጋግተን ተቀመጥን። አባቴን ተክተው የሚድሩኝ አባባ ግን ባቡር ነው የመረጡት። አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት ሰፈር የሚኖሩ፣ አገር ቤት ዳኛ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ዋዜማውን ካራቫኑ ምን እንደሚመስል ብነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ልጄ፣ እኔ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን እመርጣለሁ» አሉኝ።

አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ የአባባ ጥበብ ገባኝ። የመንገዱ ሲሚንቶ በተጋጠመበት ሁሉ አንገቱ አንድ ጊዜ ይደቁሰናል፣ አንድ ጊዜ ያነሳናል። ከኋላ ሆኖ የሚገፋንና ወዲያው ሐሳቡን ለውጦ የሚጎትተን ሰው ያለ ይመስላል። ድስቶቹ ሲንቋቁ እስከ ጋቢናው ይሰማል። ጓደኛዬ «እመቤቴ ማርያም፣ ወጡን ብቻ አድርሺልን» ትላለች። ሰውዬው ያፏጫሉ።

በደኅና ደረስን። ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ቦታ አገኙና ገቡ። ቦታው ስላልበቃቸው የካራቫኑን የቀኝ ጎማዎች እግረኛ መንገዱ ላይ አወጧቸው። ፒካፑ አስፋልቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ካራቫኑ ግን ወደ ግራ አጋድሏል። ከፊታችን በአበባ የተሸለመች የሌላ ሙሽሮች መኪና ቆማለች። ከኋላችን የብረት ምሰሶ አለ። እጮኛዬ ነጭ ሱፉን ለብሶ፣ አባባም ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ጃንጥላቸውን ይዘው ይጠብቁን ነበር።

ከጓደኛዬ ጋር ገባን። በሩ ሲዘጋ እምቢ ብሎ ነበር፤ ሰውዬው ከውጭ በትከሻቸው ገፍተው ዘጉልን። ወለሉ ስላጋደለ እየተንሸራተትኩ፣ በአንድ እጄ ቁም ሣጥኑን ተደግፌ ለበስኩ። ጓደኛዬ ፀጉሬን አበጀችልኝ፤ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ፤ ኩሌን ስትኩለኝ ብቻ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ከዚያ መስታወቱን አሳየችኝ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ቆንጆ ነበርኩ።

«በይ እንውጣ» አለችና እጀታውን አዞረች። ገፋች። ደግማ ገፋች። በሩ ንቅንቅ አላለም።

እኔም ገፋሁ። ሁለታችንም ገፋን። ከውጭ እጮኛዬ አንኳኳ።

«ጨረሳችሁ? ሰዓቱ ደርሷል።»

«ጨርሰናል! በሩ ነው አልከፈት ያለው!»

እሱ ከውጭ ይጎትታል፣ እኛ ከውስጥ እንገፋለን። ምንም። ከዚያ የአባባ ድምፅ መጣ፤ ዳኛ ሳሉ ምስክር የሚጠይቁበት ድምፅ መሆን አለበት።

«ልጄ፣ ሐሳብሽን ለውጠሽ ከሆነ አትፈሪ፤ ለእኔ ንገሪኝ። ማንም አያስገድድሽም።»

«ኧረ አባባ! በሩ ነው እንጂ እኔ ፈቃደኛ ነኝ!»

ጓደኛዬ ሳቅ አፍኗት አልጋው ላይ ተዘረጋች። እኔ ግን እጮኛዬ ያን ሰምቶ ምን እንደ ተሰማው እያሰብኩ፣ «አንተ፣ ሰምተሃል? ፈቃደኛ ነኝ ብያለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሰማሁ!» አለኝ። መንገድ ላይ የቆሙት ሆላንዶችም አማርኛ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

ሰውዬው ችግሩን ወዲያው አወቁት፤ ግን አልወደዱትም። ካራቫኑ ከእግረኛ መንገዱ ቢወርድ በሩ ይከፈታል። እንዳይወርድ ደግሞ ፊት ለፊት የሙሽሮቹ መኪና አለች፤ ሙሽሮቹ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ገብተዋል። እንግዲያው ፒካፑን ከካራቫኑ እናላቅቅ አሉና የመንጋጋውን ማንሻ ጎተቱ። አልመጣላቸውም። እጮኛዬም አብሮ ጎተተ። የተጣመመው አንገት ፒኑን ወደ ጎን ስለሚጫነው መንጋጋው ነክሶ ይዞ አልለቅ አለ። ለማላቀቅ ፒካፑ ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት ነበረበት፤ ኋላ ደግሞ ምሰሶው።

በዚህ መሐል የማዘጋጃ ቤቱ አስተናጋጅ ወጣ። «ሙሽራዋ የት ናት?» አለ። አባባ በጃንጥላቸው ካራቫኑን አመለከቱት። በመስኮት እጄን አውለበለብኩለት። አስተናጋጁ ደግ ነበር፤ ሌሎቹን ሙሽሮች አስቀድሞ እንደሚያስገባ ነገረንና እየሳቀ ተመለሰ።

«በመስኮት እንውጣ» አለች ጓደኛዬ። መስኮቱ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ ነገር ነው። አንገቴን አወጣሁ፤ ትከሻዬ ቀረ። እንደዚያ ሆኜ እጮኛዬን ፊት ለፊት አየሁት። ላብ አጥምቆታል።

«ቆንጆ ነሽ» አለኝ።

«አሁን ምን ያደርግልኛል?» አልኩት።

አንገቴን መልሼ ሳስገባ ዓይኔ በሩ ላይ አረፈ። በሩና ክፈፉ መካከል በአንደኛው የላይ ጥግ ብርሃን ይገባል፤ ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ነው። በሌላው ጥግ ግን ክር አያሳልፍም፤ በሩ ተነክሷል። ይህን አውቀዋለሁ። መጦሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ አሮጌ አልጋ ነበር። አንዱ እግሩ ምንጣፍ ላይ ከወጣ ሥሩ ያለው መሳቢያ አይከፈትም፤ እግሩን ከምንጣፉ ስታወርጂው ራሱ ሸርተት ብሎ ይመጣል። መሳቢያው ጤነኛ ነው፤ የጠመመው አልጋው ነው።

«ስሙኝ!» አልኩ በመስኮት። «ማውረድ ካልቻላችሁ ግራውን አንሱት! የግራውን ጎን እንደ ቀኙ ከፍ አድርጉት!»

ሰውዬው ግንባራቸውን መቱ። «ክሪክ! ክሪኩ የት ነው ያለው?»

ክሪኩ አልጋው ሥር ነበር። ከእኛ ጋር ተቆልፎበታል።

ጓደኛዬ በሚዜ ቀሚሷ ተንበርክካ ክሪኩን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች፤ ግሪስ እንዳይነካን በፎጣ ጠቅልለን በመስኮት አሾለክነው። እጮኛዬ ተቀበለና በነጭ ሱፉ መንገዱ ላይ ተንበረከከ። ሰውዬው ሥሩ ሳንቃ አነጠፉ። አባባ ጃንጥላቸውን አጥፈው ትእዛዝ አስተላላፊ ሆኑ። እኔ ከውስጥ ብርሃኑን አያለሁ።

«ጨምር ይበሉት አባባ!»

«ጨምር ትልሃለች!»

«ጨምር!»

«ልጄ፣ አሁንም ጨምር ነው የምትልህ። ትዳር እንዲህ ነው።»

ክሪኩ በተዞረ ቁጥር ወለሉ ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ ይቃናል። ሻንሲው አንድ ጊዜ አቃሰተ። የላዩ ክፍተት ጠበበ፤ ተነክሶ በነበረው ጥግ አዲስ የብርሃን ክር ብቅ አለ። ከዚያ ማንም ሳይነካው በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ተደግፋው የቆመችው ጓደኛዬ ተወርውራ ወጣች፤ ሰውዬው ባይቀልቧት ኖሮ መሬት ላይ ነበረች። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ አባባ እጄን ይዘውኝ ወረድኩ።

ልክ በዚያ ሰዓት ሆላንዶቹ ሙሽሮች ከዘመዶቻቸው ጋር ወጡ። ሙሽራዋ ሰማያዊ ለብሳለች። አስተናጋጁ ነግሯቸው ኖሮ በቀጥታ ወደ እኔ መጣችና አቀፈችኝ። «መኪናችን እኮ ነው የዘጋባችሁ፤ ይቅርታ» አለች። ከዚያም ሙሽሮች ላይ የሚበተነውን የሩዝ ከረጢታቸውን ከነተረፈው ሰጠችን፤ እኛ ሩዝ ስለ መወርወር አስበንበትም አናውቅ። ገባን። የሚያጋባን ሹም «ፈቃደኛ ነሽ ወይ?» ሲለኝ፣ አባባ ከኋላዬ በአማርኛ «ይሄን እንኳ ቀደም ብላ ተናግራለች» አሉ። እጮኛዬ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት የራሱን «አዎ» ሁለት ጊዜ መድገም ነበረበት። ፎቶው ላይ አንድ ጉልበቱ ጥቁር ነው።

ምግቡን ሰውዬው ግቢ ውስጥ በላን። ከድስቶቹ አንዱ ብቻ ነበር የፈሰሰው፤ እሱም ጎመን ነው፣ ማንም አላዘነበትም። የሰውዬው ሚስት ወጡ አቃጥሏቸው ዓይናቸው እያነባ ጨመሩ። ሰውዬው ግን ካራቫኑን ይዞሩት ነበር። በኋላ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብለው «አልተነፈሰም፤ ታጥፏል» አሉት። ይህን ለማለት ስንት እንደ ከበዳቸው አይቻለሁና እጃቸውን ያዝኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት ካራቫኑን ሮተርዳም፣ ከድሮ የሥራ ጓደኛቸው ብየዳ ቤት ወሰዱት። እኛም አብረን ሄድን፤ ሙሽሮች ስለሆንን የትም መሄድ ደስ ይለናል። በያጁ የፊቱን ላሜራ አነሳና ቀለሙን ፋቀው። ነጭ ወጣ፣ ከሥሩ ክሬም፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ እንደገና ነጭ። ከሁሉም ሥር ብረቱ ራሱ ተሰንጥቋል፤ አንገቱ ከሻንሲው ጋር የተበየደበት ቦታ ከግማሽ በላይ ለቅቋል።

«በዚህ ነው ከአምስተርዳም በኩል ሙሽራ ያመጣኸው?» አለ በያጁ።

«ወጥም ጭምር» አሉ ሰውዬው፤ ጆሯቸው ቀልቶ።

በያጁ በሁለቱም ወገን ሦስት ማዕዘን የሆነ ወፍራም ብረት በየደበት። የፒካፑን የብረት መቀመጫም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም በሚያዘነብል ለወጠው፤ አንዱ ሲያጋድል ሌላው እንዳይጣመም። ሰውዬው ጎንበስ ብለው እያንዳንዱን የብየዳ ስፌት በጣታቸው ዳሰሱ። ቀለም ሊቀቡበት ቆርቆሮ ቢያነሱ በያጁ ከእጃቸው ነጠቃቸው። «መጀመሪያ ዓመት ይሙላው፤ ከተሰነጠቀ ልይ» አላቸው።

ለጫጉላ ካራቫኑን ከዴን ሃግ ወጣ ብሎ፣ የአሸዋው ኮረብታ ሥር አቆሙልንና ለሳምንት ሰጡን። ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። እኛ በሩን እንደ ንጉሥ ስንከፍት ስንዘጋ፣ ባሕሩን ከደጃፉ ላይ ሆነን ስናይ፣ ድንች ስንጠብስ ከረምን። አባባ አንድ ቀን ሊጠይቁን መጡ፤ ከመግባታቸው በፊት በሩን ራሳቸው ሦስት አራት ጊዜ ከፍተው ዘግተው ፈተሹት። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ውሃው ሲነካቸው እንደ ልጅ ነው የጮኹት።

ወሬው በአበሻው መካከል ተሰማ። ሮተርዳም የሚጋባ፣ አምስተርዳም ክርስትና የሚያነሳ ሁሉ ካራቫኑን ይለምን ጀመር። ሰውዬው አንዱንም እምቢ አላሉም። ሚስታቸው ወጥ እየለመዱ፣ እሳቸው ጉንጭ መሳም እየለመዱ ሄዱ። ሙሽራ ባወረዱ ቁጥር ቀድመው ወርደው በሩን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ፤ ለቆመው ሰው ሁሉ እያሳዩ። ከዚያ ባለቤቴ ያስተማራቸውን አማርኛ ጮክ ብለው ይናገራሉ። «ግቡ፤ መውጣት ይቻላል!»