ያልታጠበው ሙቀጫ

ነቀምቴ ውስጥ የአነስተኛ ማዕድን ሥራና የላቦራቶሪ ፍተሻ ስማር፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ስደርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ነጩን ጋዋን ለብሼ ከባኬ ጃማ ሰፈር እስከ መናኸሪያ የምንጎራደደው ሥራ ኖሮኝ ሳይሆን ሰው እንዲያየኝ ነው። አሁን ሳስበው በሀፍረት ጆሮዬ ይግላል።

ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ አንገር ጉቲን ላይ የቀረ ገበሬ። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ነጭ ድንጋይ በፌስታል ቋጥሮ ከኮሌጁ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ድንጋዩ ላይ ቢጫ ነገር አይቶበታል። ያገኘው ግን ከአራቱ ማንጎዎቹ ሥር ነው። ማንጎዎቹን የተከላቸው እዚያ በሰፈረ በመጀመሪያው ክረምት ሲሆን፣ የቤቱ ጨውም የእኔ ደብተርም ይገዛ የነበረው በእነሱ ነው።

«እስቲ በትምርትህ እየው» አለኝ። «ካለው እቆፍራለሁ። ከሌለው ዛፎቼን አልነካም። መኪናው ሊሄድብኝ ነውና ቶሎ በል በአላህ።»

ድንጋይ ሲፈተሽ መጀመሪያ በብረት ሙቀጫ ይወቀጣል፤ ከዚያ ዱቄቱ በውሃ ይታጠባል፤ ወርቅ ካለው ከሳህኑ ግርጌ ይቀራል። አዲስ ድንጋይ ከመግባቱ በፊት ግን ንጹሕ አሸዋ ወቅጦ መድፋት ግዴታ ነው። ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ ሙቀጫው ላይ ይለጠፋል፤ አሸዋው ይጠርገዋል። የዚያን ቀን ጠዋት ለትምህርት የመጣ ወርቅ ያለበት ድንጋይ ወቅጠንበት ነበር። እኔ አሸዋውን ዘለልኩት። መኪናው እንዳያመልጠው ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን በፊቱ ሊቅ ለመምሰል ነው።

ከሳህኑ ግርጌ ክር የመሰለች ቢጫ መስመር ቀረች።

«ወርቅ ነው፣ አጎቴ።»

እሱ ሳህኑን ትቶ እኔን አየኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አልሐምዱሊላህ! እንኳን አስተማርሁህ» አለኝ።

በሳምንቱ መምህራችን ያንኑ ሙቀጫ ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገው። «ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ ይህን ሳያጸዳ የተወው ማን ነው?» ንጹሕ አሸዋ ወቀጠበት፤ አጠበው። ያቺው ቢጫ መስመር ወጣች። «ይኸው፣ ከባዶ አሸዋ ወርቅ አወጣን! አንድ ምስኪን ይህን አምኖ ቢቆፍርስ?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አስበልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። መደወል ብቻ ነው። ግን መንደሩ በሙሉ «ኢንጂነር» ይለኝ ጀምሮ ነበር፤ ስሙም ጥሞኛል። ነገ እያልኩ፣ ፈተና ደረሰ እያልኩ ሦስት ሳምንት ገፋሁ። አንድ ቀን እሱ ራሱ ደወለ። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ቁጥሩን እያየሁ ቆየሁ።

በመጨረሻ አጎቴ ካመጣው የተረፈውን ድንጋይ በጸዳ ሙቀጫ ፈተሽኩት። ምንም የለውም። አጎቴ ያየው ቢጫ የዝገት እድፍ ነው። በማግስቱ አንገር ጉቲን ሄድኩ።

አራቱም ማንጎዎች ተገንድሰው ወድቀዋል። ቅጠላቸው ደርቋል። አጎቴ ደረቱ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጎረቤቶች ከዳር ቆመዋል። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «የወርቁ መስመር እዚህ ጋ ተቋርጧል» የሚል ነው። እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ። ውሸት ሲሆን ትምህርቴ አልጠፋኝም።

ዶማውን አስቀመጠ። እጁን በሸሚዙ ጠረገና ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ። «አንተስ በደንብ ነግረኸኝ ነበር። እኔ መሃይሙ አቅጣጫውን ስቼ በሰው ፊት ትምርትህን አሳፈርሁብህ። አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

ሰዉ ሁሉ የእኔን መልስ ይጠብቃል።

«አፉ ብያለሁ» አልኩት።